የዋጠውን ብርሃን የሚመልስ ፕላስቲክ



በዱቄት ሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ነጠላ ያን ያህል የሚነጣው እድፉ ስለለቀቀ ብቻ አይደለም። በዱቄቱ ውስጥ ከስቲልቢን የተሠሩ ማንጫ ቅመሞች አሉ። እጥበቱ ሲያልቅ ጥጡ ላይ ይቀራሉ፤ ከዚያ በኋላ ዓይናችን የማያየውን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር እየዋጡ ሰማያዊ ብርሃን አድርገው ይመልሱታል። ጥጥ ሲቆይ ወደ ቢጫ ያደላልና ይህ ሰማያዊ ቢጫውን ያካክሰዋል። አንድ ቁስ ብርሃን ውጦ እንዲህ በሌላ ቀለም ሲመልስ ፍሎረሰንስ እንለዋለን። በካምብሪጅ ያስተምሩ የነበሩት ጆርጅ ጋብሪኤል ስቶክስ በ1852 ክስተቱን ሲያጠኑ ከተጠቀሙባቸው ነገሮች አንዱ የወባ መድኃኒት የነበረው ኩዊኒን ነው። የሚመለሰው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከገባው እንደሚበልጥ ያሳዩትም እሳቸው ናቸው። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ስቲልቢን ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ ሁለት ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበቶች፣ በመካከላቸው አንድ ድርብ ትስስር። ይህንኑ አሠራር ሳታቋርጡ ቀጥሉት፤ ቀለበት፣ ድርብ ትስስር፣ ቀለበት፣ ድርብ ትስስር፣ እንዲህ እያለ መቶ ጊዜ ይደጋገም። የሚወጣው ረጅም ሰንሰለት ፖሊፓራፌኒሊን ቫይኒሊን ይባላል፤ የሙያው ሰዎች ፒፒቪ ይሉታል። ፕላስቲክ ነው፤ ስስ ሽፋን ሆኖ መስታወት ላይ ይለጠፋል፤ መልኩ ቢጫ ነው። ስቲልቢን የሚውጠው 300 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን የማይታይ ጨረር ነው። ፒፒቪ ግን እስከ 500 ናኖሜትር የሚደርሰውን ሰማያዊ ጭምር ይውጥና አረንጓዴ ያዘለ ቢጫ ይመልሳል።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። እንዲህ ባለ ፕላስቲክ የተዋጠ ብርሃን በገባበት ቦታ አይቀመጥም፤ ይጓዛል። ጉዞው የሚፈጀው የሴኮንድን አንድ ቢሊዮንኛ እንኳ አይሞላም፤ ርቀቱም ከሚሊሜትር አንድ መቶ ሺህኛ ብዙ አይበልጥም። ሆኖም መጨረሻው መብራት ይሁን ሙቀት፣ የኤሌክትሪክ ጅረት ይሁን የፈንጂ ማስጠንቀቂያ የሚወሰነው በመንገዱ ላይ ባጋጠመው ነገር ነው።

መጀመሪያ ግን ብርሃኑ እንዴት ይገባል? ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኤቲሊንም የካርቦን ሰንሰለት ነው፤ ግን ካርቦኖቹ በነጠላ ትስስር ብቻ የተያያዙ ስለሆኑ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን በሁለት አተሞች መካከል ጥብቅ ብሎ ተይዟል። የሚታይ ብርሃን እሱን የማስነሣት አቅም የለውም። አልፎት ይሄዳል ወይም ይበተናል እንጂ አይዋጥም። ነጠላና ድርብ ትስስር እየተፈራረቁ ሲሄዱ ግን ከድርቡ ትስስር አንዱ የኤሌክትሮን ጥንድ ከቦታው ለቆ በጎረቤቶቹ ላይ ሁሉ ይዘረጋል። በኳንተም ሕግ መሠረት ኤሌክትሮን የተዘረጋበት ስፍራ በሰፋ ቁጥር ከደረጃ ወደ ደረጃ ለመውጣት የሚጠይቀው ኃይል ያንሳል። ጠባቡ ስቲልቢን አልትራቫዮሌት ይጠይቃል፤ ሰፊው ፒፒቪ ሰማያዊ ይበቃዋል።

እንዲህ ከሆነ ሰንሰለቱን እያስረዘምን ቀዩን ሁሉ፣ ከቀዩም በታች ያለውን እንዲውጥ ማድረግ እንችላለን ብሎ የሚያስብ ይኖራል። አይሆንም። አሥር አሥራ አምስት ቀለበት ካለፈ ማስረዘሙ ብዙም ለውጥ አያመጣም፤ ምክንያቱም ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ አይቆምም። እዚህ ይጠማዘዛል፣ እዚያ ይታጠፋል፤ በታጠፈበት ሁሉ የኤሌክትሮኑ ዝርጋታ ይቋረጣል። ስለዚህ አንድ ረጅም ሰንሰለት በተግባር ረጃጅምና አጫጭር ክፍሎች የተቀጣጠሉበት ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ጠርሙስ ኤምኢኤች ፒፒቪ የሚባል የፒፒቪ ዘመድ ቶሉዊን ውስጥ የሟሟበት ነው። ፒፒቪ ራሱ አይሟሟም፤ ለዚህኛው ግን ከጎኑ የካርቦን ጭራዎች ስለተቀጠሉለት ይሟሟል። የአዳራሹ መብራት ይጥፋልን። ይህ 365 ናኖሜትር የሚሰጥ አልትራቫዮሌት መብራት ነው፤ ጠርሙሱ ብርቱካናማ ሆኖ ይበራል። አሁን በሰማያዊ፣ በ450 ናኖሜትር ላሳያችሁ። ያው ብርቱካናማ ነው። በአረንጓዴም ያው። የምናስገባው ኃይል እየተለያየ የሚወጣው ለምን አንድ ሆነ?

ብርሃን ሲዋጥ ኤሌክትሮኑ ወደ ላይኛው ደረጃ ይዘላል፤ በነበረበት ቦታ ክፍተት ይቀራል። ክፍተቱ ፖዘቲቭ ቻርጅ ስለሆነ ኤሌክትሮኑን ይስበዋል፤ ሁለቱ ተሳስበው አብረው ይቆያሉ። ይህ ጥንድ ኤክሳይቶን ይባላል። ሲሊከን ውስጥም ይፈጠራል፤ ነገር ግን ሲሊከን መሳሳቡን አጥብቆ ስለሚያዳክመው የክፍሉ ሙቀት ብቻ ጥንዱን ይለያየዋል። ፕላስቲክ መሳሳቡን የማዳከም አቅሙ ከሲሊከን አንድ አራተኛ ገደማ ነው። ጥንዱን ለመለያየት ብዙ ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.5 ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል፤ የክፍል ሙቀት የሚያዋጣው 0.025 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በፕላስቲክ ውስጥ ኤሌክትሮኑና ክፍተቱ ሌላ ነገር ካልገባባቸው በቀር አይለያዩም።

ኤክሳይቶን እንደተፈጠረ ሰንሰለቱ ራሱ ቅርጹን ይለውጣል። ነጠላ የነበሩት ትስስሮች ያጥራሉ፣ ድርብ የነበሩት ይረዝማሉ፣ ካርቦኖቹ ይንቀጠቀጣሉ። ትርፍ ኃይሉ በዚህ መንቀጥቀጥ ሙቀት ሆኖ ያልቃል፤ ሥራው የሚፈጀው ከሴኮንድ አንድ ትሪሊዮንኛ ያነሰ ጊዜ ነው። ብርሃን መልሶ ለመስጠት ግን በመቶዎች እጥፍ የሚረዝም ጊዜ ይጠይቃል። አልትራቫዮሌቱ ከፍ አድርጎ ያወጣው ኤሌክትሮንም ሆነ አረንጓዴው ዝቅ አድርጎ ያወጣው፣ ብርሃን ከመውጣቱ በፊት ሁለቱም ከተነሡት ደረጃዎች ዝቅተኛው ላይ ወርደው ይገናኛሉ። አሜሪካዊው ኬሚስት ማይክል ካሻ በ1950 ሕግ አድርገው ያስቀመጡት ይህንኑ ነው፤ እስከ ዛሬም በስማቸው ይጠራል።

የጠርሙሱን ብርሃን በስፔክትሮሜትር ብንበትነው ደግሞ ሌላ እንግዳ ነገር እናያለን። ቁሱ የሚውጠው ብርሃን ግራፍ አንድ ሰፊ ጉብታ ነው። የሚመልሰው ብርሃን ግራፍ ግን ጠበብ ያለና እርከን ያለው ነው፤ በእርከኖቹ መካከል ያለው ልዩነት 0.18 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ነው፤ ይህም የካርቦን ድርብ ትስስር ሲንቀጠቀጥ የሚፈልገው የኃይል መጠን ነው። በብዙ ትንንሽ ሞለኪውሎች ሁለቱ ግራፎች አንዱ የሌላው ግልባጭ ናቸው። እዚህ ያልሆኑት ያዙልኝ ባልኋችሁ ነገር ምክንያት ነው። ሰንሰለቱ የተለያየ ርዝመት ያላቸው ክፍሎች ስላሉት ሁሉም በየቀለማቸው ይውጣሉ፤ የእነሱ ድምር ሰፊውን ጉብታ ይሠራል። የሚያበሩት ግን ሁሉም አይደሉም። ኃይሉ ከአጭሩ ክፍል ወደ ረጅሙ፣ ከረጅሙ ወደ ባሰው ረጅም እየተላለፈ በመጨረሻ ብርሃን የሚሰጡት ጥቂት ረጃጅም ክፍሎች ናቸው።

ዝውውሩ በማኅበር ቤት ጽዋ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚያልፍ ያለ ነው፤ እዚህ ግን ጽዋው ኃይል ወዳነሰው ወገን ያደላል እንጂ ተመልሶ ብዙ አይወጣም። አንዱ ክፍል ብርሃን አውጥቶ ሌላው መልሶ የሚውጠው እንዳይመስላችሁ። በመካከላቸው ምንም ፎቶን አይወጣም። የተነሣው ክፍል የኤሌክትሪክ መወዛወዝ ጎረቤቱን ያወዛውዘውና ኃይሉ በአንድ ጊዜ ይሻገራል። ጀርመናዊው ቴዎዶር ፎርስተር በ1948 ይህን በሒሳብ አሳይተዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በእጥፍ ቢጨምር ዝውውሩ በ64 እጥፍ ይዘገያል። ስለዚህ የሚሆነው በጥቂት ናኖሜትር ውስጥ ነው። ኤክሳይቶኑ እንዲህ እየዘለለ በሕይወት ዘመኑ የሚሸፍነው ርቀት በአብዛኞቹ ፖሊመሮች 10 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ይህ ቁጥር ትንሽ ይመስላል፤ ግን የፀሐይ ሴል ለመሥራት የተነሡትን ሰዎች ለዓመታት ያስጨነቃቸው እሱ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ማስረጃ በ1997 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው የፖል ባርባራና የባልደረቦቻቸው ሥራ ነው። ከፒፒቪ ጋር የሚቀራረብን ፖሊመር አቅጥነው፣ ሰንሰለቶቹን አራርቀው አሰፈሩና አንዱን ሰንሰለት ለብቻው በማይክሮስኮፕ ተመለከቱት። አንድ ሰንሰለት ውስጥ ብርሃን የሚውጡ ብዙ ክፍሎች አሉ። እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ቢሆን ኖሮ አንዱ ሲደክም ሌላው እያበራ፣ ድምቀቱ ቀስ በቀስ በቀነሰ ነበር። የታየው ግን ሰንሰለቱ በድንገት ጥፍት፣ ከዚያም በድንገት ብርት ሲል ነው። ከብዙዎቹ መካከል አንድ ቦታ ላይ እክል ሲፈጠር የሁሉም ኃይል ወደዚያ እየሄደ ይጠፋል ማለት ነው።

ያ እክል ብዙ ጊዜ ኦክስጅን ነው። ፒፒቪ ኦክስጅን ባለበት ብርሃን ሲመታው ድርብ ትስስሮቹ ይጠቃሉ፤ በቦታቸው ካርቦንና ኦክስጅን የተጣመሩበት ካርቦኒል ይተከላል። ካርቦኒሉ ኤሌክትሮን ስለሚስብ ወደ እሱ የደረሰ ኤክሳይቶን ብርሃን ሳይሰጥ ያልፋል። በ1994 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በ400 ያህል ድግግሞሽ ውስጥ አንድ ካርቦኒል ብቻ ቢገኝ የፒፒቪ ድምቀት በግማሽ ይወርዳል። አንድ ለ400። ኃይሉ የማይጓዝ ቢሆን ኖሮ ይህ ፈጽሞ ሊሆን አይችልም ነበር። የዚህ ሙያ ላቦራቶሪዎች ናይትሮጅን በተሞላ፣ እጅ በጓንት ብቻ በሚገባበት ሳጥን ውስጥ የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ጠርሙስም ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ መብራት እየበራበት ቢሰነብት ብርቱካናማነቱ ይጠፋል።

ሁለተኛው ጠርሙስ ፒ3ኤችቲ ነው፤ የፀሐይ ሴል ተመራማሪዎች ከሁሉ አብልጠው የሠሩበት ፖሊመር። ፈሳሹ ብርቱካናማ ነው፤ በአልትራቫዮሌት ደምቆ ይበራል። ከጎኑ ያለው መስታወት ላይ ያንኑ ፈሳሽ አንጠባጥበን አድርቀነዋል። መልኩ ወይን ጠጅ ሆኗል፤ መብራቱን ስናበራበትም ደብዘዝ ያለ ቀይ ብቻ ነው የምናየው። በፈሳሹ ውስጥ ከሚዋጡት ፎቶኖች አንድ ሦስተኛ ገደማ ተመልሰው ይወጣሉ፤ በደረቀው ሽፋን ጥቂት በመቶ ብቻ። አንድ ቁስ ነው፤ የጨመርንበትም የለም። የተለወጠው የሰንሰለቶቹ መቀራረብ ነው። ሲደርቅ ሰንሰለቶቹ ጠፍጣፋ ሆነው ይደራረባሉ፤ ቀጥ ስለሚሉ ወደ ቀይ የተጠጋውን ብርሃን መዋጥ ይጀምራሉ። ሆኖም እንዲህ ሲደራረቡ ከዝቅተኛው ደረጃ በብርሃን የመመለስ ዕድላቸው ይጠብባል። ኃይሉም በሰንሰለቱ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚዘል እክል የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። ደማቅ ሽፋን የሚፈልግ ኬሚስት ሰንሰለቶቹ እንዳይጠጋጉ ከጎናቸው ግዙፍ ቡድኖችን ይተክላል፤ ጅረት የሚፈልግ ደግሞ ቻርጅ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲሻገር እንዲጠጋጉ ይፈልጋል። የዚህ ሙያ ክርክር ግማሹ እዚህ ላይ ነው።

ስለ ታሪኩ ጥቂት ልበል። ብርሃን ከሚውጡ ፖሊመሮች ሁሉ ስመ ጥሩ ፖሊአሴቲሊን ነው፤ ቀለበት የሌለው፣ ነጠላና ድርብ ትስስር ብቻ የሚፈራረቁበት። ጃፓናዊው ሂዴኪ ሺራካዋ ላቦራቶሪ ውስጥ በ1960ዎቹ መጨረሻ ከሚገባው አንድ ሺህ እጥፍ የበዛ ማፋጠኛ ተጨምሮ የተገኘው የሚያብረቀርቅ ሽፋን መንገዱን ከፈተ። በ1977 ሺራካዋ፣ አላን ማክዳያርሚድና አላን ሂገር ፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአዮዲን ትነት አጥነውት የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱን በሚሊዮኖች እጥፍ አሳደጉት፤ በ2000 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ይህ ሁሉ ክብር ያለው ፖሊመር ግን አያበራም ማለት ይቻላል። ብርሃን አጥብቆ ይውጣል፤ ኤክሳይቶኑ ግን ወዲያው ወደ አንድ ዝቅ ያለ ደረጃ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ መነሻው ደረጃ በብርሃን መመለስን የኳንተም ሕግ ይከለክላል። የዋጠው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። የፒፒቪ ቀለበቶች የደረጃዎቹን ቅደም ተከተል ይገለብጡታል፤ ዝቅተኛው ደረጃ ብርሃን የሚፈቀድበት ይሆናል። እንዲህ ያለ ትልቅ ልዩነት ከአንዲት ቀለበት መምጣቱን ተማሪዎች ሲረዱ ፊታቸው ላይ የማየው ደስታ ለእኔም ይተርፈኛል።

ፒፒቪ ራሱ ዝነኛ የሆነው በካምብሪጅ ነው። በሪቻርድ ፍሬንድ ቡድን ውስጥ ተማሪ የነበሩት ጄረሚ በሮውስ የፒፒቪን ሽፋን በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል አድርገው ኤሌክትሪክ ሲያስገቡበት ሽፋኑ አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ በራ። ሥራው በ1990 ኔቸር ላይ ወጣ። ኤክሳይቶኑ በብርሃን ፋንታ ከሁለቱ ወገን በመጡ ቻርጆች ተፈጠረ፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ግን እስካሁን የነገርኋችሁ ነው። አንድ ልዩነት ብቻ አለ። ቻርጆቹ ሲገናኙ ስፒን የሚባለው የኤሌክትሮኖቹ ባሕርይ አቅጣጫ በዘፈቀደ ስለሚሆን ከአራት ጥንዶች አንዱ ብቻ ብርሃን የሚፈቀድለት ነው፤ ሦስቱ የተከለከሉ ናቸው። በብርሃን ሲነሣ ግን መጀመሪያ የሚፈጠሩት ጥንዶች ሁሉም የተፈቀዱ ናቸው። ዛሬ በእጃችሁ ያሉት ስልኮች ላይ ያለው ኦሌድ ስክሪን በአብዛኛው የሚሠራው ከፖሊመር ሳይሆን ከትንንሽ ሞለኪውሎች ነው። ያንን መንገድ ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫንስላይክ በ1987 ኮዳክ ውስጥ አሳይተውት ነበር፤ የተከለከሉትን ሦስቱን ጥንዶች ለመጠቀምም ኢሪዲየም የተባለ ከባድ ብረት ያለባቸው ሞለኪውሎች ይጨመሩበታል።

አሁን ወደ እክሉ ልመለስ፤ ምክንያቱም እክሉን አገልጋይ ያደረጉት ሰው አሉ። ቲሞቲ ስዌገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲሠሩ ነገሩን ገልብጠው አሰቡት። በአንድ ቦታ የሚደርስ ጉዳት የሰንሰለቱን ብርሃን በሙሉ የሚያጠፋ ከሆነ፣ ያንን ጉዳት የሚያደርሰው የምንፈልገው ንጥረ ነገር ይሁን። ቲኤንቲ የተባለው ፈንጂ ኤሌክትሮን ይርበዋል። ወደ ፖሊመሩ ሲጠጋ ከኤክሳይቶኑ ላይ ኤሌክትሮኑን ይወስዳል፤ ብርሃኑ ይጠፋል። ችግሩ የቲኤንቲ ትነት በክፍል ሙቀት ከቢሊዮን የአየር ሞለኪውሎች መካከል በጣት የሚቆጠር መሆኑ ነው። የሚያበራው አንድ ሞለኪውል ብቻ ቢሆን ቲኤንቲ በትክክል እሱን መንካት ነበረበት። በሰንሰለቱ ግን ኤክሳይቶኑ ራሱ እየተዘዋወረ ቲኤንቲው ያረፈበትን ቦታ ይፈልገዋል። ስዌገርና ባልደረባቸው በ1998 ባሳተሙት ሥራ ከሰንሰለቱ ጎን ግዙፍ ቀለበታማ ቡድኖችን ተከሉ። አንድም ሰንሰለቶቹ እንዳይደራረቡ ከልክለው ሽፋኑን ደማቅ አደረጉት፤ አንድም ቲኤንቲ የሚገባበት ቀዳዳ ፈጠሩ። ከዚህ ሥራ ፋይዶ የተባለ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ወጣ።

ለእኛ አገር ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1977 እና 78 ከሶማሊያ፣ ከ1998 እስከ 2000 ከኤርትራ ጋር በተደረጉት ጦርነቶች የተቀበሩ ፈንጂዎች ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ሰውና ከብት ሲያጠፉ ኖረዋል። መሬት ውስጥ ያለ ፈንጂ ትነቱን አፈር ይይዝበታል፤ ብዙ ጊዜም ወደ ላይ አብልጦ የሚወጣው ከቲኤንቲ ጋር አብሮ የሚገኘው ዲኤንቲ ነው። ስለዚህ ከአየር ላይ ብቻ መፈለግ አስቸጋሪ ነው። የስኮትላንዱ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከክሮኤሺያ ባልደረቦቻቸው ጋር ንቦችን አሰማሩ። ንብ መስክ ስትዞር በፀጉሯ ላይ የአፈሩን ቅንጣት ትሰበስባለች። ቀፎው አፍ ላይ ከእሷ የሚራገፈውን ተቀብለው የሚያበራውን ፖሊመር ያስነኩታል፤ ብርሃኑ ከደበዘዘ በአካባቢው ፈንጂ አለ ማለት ነው። ንብ ማነብ የኖርንበት ሥራ ለሆነው ለእኛ በቅርብ ልንከታተለው የሚገባ ሥራ ይመስለኛል።

የፀሐይ ሴልም የሚሠራው በዚሁ ብርሃን የማጥፋት ዘዴ ነው። በ1992 ኒያዚ ሰርዳር ሳሪቺፍትቺ፣ ሂገርና ባልደረቦቻቸው ኤምኢኤች ፒፒቪን ፉለሪን ከሚባለው 60 ካርቦን ካለው ድቡልቡል ሞለኪውል ጋር ሲያገናኙ የፖሊመሩ ብርሃን ጠፋ። ኤሌክትሮኑ ወደ ፉለሪኑ ዘሎ ክፍተቱ ፖሊመሩ ላይ ቀርቶ ነበር። ጥንዱ በመጨረሻ ተለያየ፤ ኋላም የተለካው የዝላይ ጊዜ ከሴኮንድ አንድ አሥር ትሪሊዮንኛ ያነሰ ነው። ሆኖም ኤክሳይቶኑ የሚጓዘው 10 ናኖሜትር ብቻ ሲሆን ብርሃኑን አጥርቶ ለመዋጥ ደግሞ ሽፋኑ 100 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ይፈልጋል። ሁለቱን አንዱን በአንዱ ላይ ብናነጥፍ አብዛኛው ኤክሳይቶን ድንበሩ ላይ ሳይደርስ ያልቃል። በ1995 የተገኘው መላ ሁለቱን በአንድ ፈሳሽ አሟሙቶ፣ አደባልቆ ማድረቅ ነው። እንዲህ ሲደረግ የትም የተፈጠረ ኤክሳይቶን ድንበር አያጣም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሥራ ላይ እጁ አለበት። ፕሮፌሰር ወንድማገኝ ማሞ ከስዊድኖቹ ከቻልመርስና ከሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ጋር ለፀሐይ ሴል የሚሆኑ ፖሊመሮችን ቀምመው በዓለም መጽሔቶች አሳትመዋል፤ በዚህ ትብብር ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ለዶክትሬት ሠልጥነዋል። የሥራቸው ስልት በሰንሰለቱ ላይ ኤሌክትሮን የሚሰጥና የሚስብ ክፍሎችን እያፈራረቁ መቀጠል ነው፤ እንዲህ ሲሆን ደረጃዎቹ ይቀራረቡና ፖሊመሩ ቀዩን ብርሃን ጭምር ይውጣል። ማስረዘም ብቻውን የማያመጣውን ለውጥ ማፈራረቁ አመጣው።

ለብዙ ዓመታት በዚህ ሙያ ተማሪዎችን እንዲህ ብለን አስተማርናቸው፦ ፖሊመሩን እንደ ፉለሪን ኤሌክትሮን ከሚወስድ ተቀባይ ጋር ቀላቅሉ፣ መብራት አብሩበት፣ ፍሎረሰንሱ ፈጽሞ ከጠፋ መልካም የፀሐይ ሴል ይሆናል። ይህ የነገሩ ግማሽ ነው። ኤሌክትሮኑና ክፍተቱ ከተለያዩ በኋላ ከመውጣታቸው በፊት ዳግም ቢገናኙ፣ ግንኙነታቸው በብርሃን ቢያልቅ ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ በሙቀት ቢያልቅ ግን ሴሉ ቮልቴጅ ያጣል። ስሌቱ ቀላል ነው። ቁሱ ብርሃን የመስጠት ብቃቱ በአሥር እጥፍ በወረደ ቁጥር ሴሉ 60 ሚሊቮልት ገደማ ይቀንሳል። የፉለሪን ሴሎች በዚህ ብቻ 0.3 ወይም 0.4 ቮልት ይከስሩ ነበር፤ ሴሉ በሙሉ ከሚሰጠው ቮልቴጅ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ኪሳራ ነው።

ከ2019 ወዲህ ፉለሪንን የተኩት አዳዲስ ተቀባዮች ራሳቸው ያበራሉ፤ የእነሱና የፖሊመሩ የኃይል ደረጃም በጣም ተቀራራቢ ነው። ኤክሳይቶኑ ይለያያል፤ የተለያየው ደግሞ አንዳንዴ ተመልሶ ኤክሳይቶን ይሆንና ያበራል። ከእነዚህ የተሠሩ ሴሎች ከ18 በመቶ በላይ የፀሐይ ኃይል ወደ ኤሌክትሪክ ለውጠዋል፤ በ1980ዎቹ የነበረው 1 በመቶ ገደማ ነበር። አሁን አንድ አዲስ ፖሊመር ላቦራቶሪ ሲደርስ ሁለት ነገር ይለካበታል፤ ብቻውን ስንት ብርሃን እንደሚመልስ፣ ከተቀባዩ ጋር ተደባልቆ ስንት እንደሚቀርለት። የመጀመሪያው ከፍ እንዲል፣ ሁለተኛው ዝቅ ብሎ ግን ፈጽሞ እንዳይጠፋ ይፈለጋል፤ በምን መጠን የሚለውን ኬሚስቶቹ እያንዳንዱን ጭራና ቀለበት እየለዋወጡ አሁን እየፈለጉት ነው።